ማሽኑ ይሰማል ወይ?

ኦርጋን ተጫዋች ሰርግ ላይ ሲቀመጥ ቀኝ እጁ ዜማውን ይይዛል፤ ግራ እጁ ኮርዱን ይጫናል። ከበሮውን የሚመታው ግን እሱ አይደለም። ከበሮውን የሚመታው ከዓመታት በፊት የሆነ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ ሪትሙን የሞላ፣ ስሙን የማናውቀው ሰው ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ቺክቺካው ይጀምራል፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ያቆማል። በመሐል ድንኳኑ ውስጥ የፈለገው ቢሆን፣ ሙሽራዋ ብታለቅስ፣ ሚዜዎቹ ቢደክማቸው፣ አንዲት እናት ተነስተው ቀስ ብለው መጨፈር ቢፈልጉ፣ ሪትሙ ወሬውም የለው።

እኔ ማሻ ውስጥ ከምተዳደርባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ኦርጋን ነው። ጥርና ሚያዝያ ላይ ቅዳሜና እሁዴ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከጌጫ እስከ ቴፒ ድረስ እጠራለሁ። በአንድ ምሽት በሸኪኖኖ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ይዘፈናል፤ ኦርጋኑ ግን ለሁሉም ያው አንድ ከበሮ ነው ያለው። ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ በቃ፣ የእኔ ሥልጣን እዚያ ላይ ያበቃል።

አጎቴ ከበሮ መቺ ናቸው። ልጅ ሆኜ ሰርግ የሚባለው እሳቸው ሲመጡ ነበር የሚጀምረው። ኦርጋን ድንኳኑን ከያዘ ወዲህ ግን ጠሪያቸው አነሰ፤ ሲጠሩም የማይመጡበት ጊዜ በዛ። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ከእኔ ጋር አይመቱም? ማይክ አደርግልዎታለሁ።»

«ካንተ ጋር እመታለሁ» አሉኝ። «ከማሽኑ ጋር ግን አልመታም። እሱ አይሰማም።»

መጀመሪያ የድምፁን ጥራት የሚያሙ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ያሉት ቃል በቃል ነው። ማሽኑ ጆሮ የለውም። እሳቸው ቢያፈጥኑ አያፈጥንም፤ ቢያዘገዩ አይጠብቃቸውም። አብሮ መምታት ማለት ደግሞ መደማመጥ ነው። የማይሰማ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ማውራት ማን ይወዳል?

ይህ ነገር ብዙ ቀን አልለቀቀኝም። ኦርጋኑን ልተወው አልችልም፤ እንጀራዬ ነው። የአጎቴንም ቃል ልተወው አልቻልኩም።

ማሽኑ ከየት መጣ የሚለውን እናንሳ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አንቆ ይዞት ነበር። ጥሩምባና ሳክስፎን የያዙት ትልልቅ ባንዶች ቀስ በቀስ ተበተኑ። ከዚያ በኋላም ለባለ ሆቴሉ ስምንት ሰው ከመክፈል ለአንድ ኦርጋን ተጫዋች መክፈል ቀለለው። ስለዚህ ድራመሩን ያባረረው ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ኪስና ፖለቲካም አሉበት።

ማሽን ሁሉ ደግሞ ሙዚቃ ያበላሻል ማለት አይቻልም። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ዓለምም ሰማው። እዚያ ካሴት ላይ ድራም ማሽኑ ሰዓት እንደሚቆጥር ሰው ቁጭ ብሏል፤ አኮርዲዮኑ በላዩ ላይ ይተነፍሳል። ብቸኛ ሰው ማሽንን ጓደኛ ሲያደርግ እንዲህ ነው የሚሆነው። ቢሆንም እዚያም የሚሰማው ኃይሉ ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም። የአጎቴ ጥያቄ መልስ አላገኘም።

መልስ ፍለጋ የገባሁበት ዓለም ሞዱላር ሲንተሳይዘር ይባላል። ተራ ኪቦርድ ውስጥ ድምፅ አመንጪው፣ ማጣሪያው፣ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ክፍል፣ ሁሉም በፋብሪካ ተገናኝተው ተዘግተዋል። ሞዱላር ላይ ግን እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ነው፤ መግቢያና መውጫ ቀዳዳ አለው፤ ምን ከምን ጋር እንደሚነጋገር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ በገመድ። ይህን ገመድ የመዘርጋት ሥራ «ፓች ማድረግ» ይሉታል። ለከበሮ ድምፅ ብቻ የተሠሩም አሉ። ለምሳሌ ሶማ የሚባለው ድርጅት ያወጣው ፐልሳር-23 ሃያ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ክፍሎቹ የሚገናኙት በአዞ አፍ መቆንጠጫ ነው፤ በገመድ ፋንታ በጣታችሁ ብትነኩትም ሰውነታችሁ ገመድ ይሆናል። ዋጋው ግን ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው። ማሻ ውስጥ ተቀምጦ እሱን ማለም ነጻ ነው፤ መግዛት ሌላ ነገር ነው።

ደግነቱ ቪሲቪ ራክ የሚባል ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የወጣው፤ በነጻ ይወርዳል፤ ሙሉ ሞዱላር ሲንተሳይዘር ላፕቶፕ ውስጥ ያስገባላችኋል። ገመዱ በማውስ ነው የሚጎተተው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ኔትወርክ በሌለበት ሳምንት እንኳ ይሠራል። የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ መብራት ቢሄድም ግድ የለም።

የመጀመሪያው ትምህርት ከበሮን ከምንም መፍጠር ነው። የትልቁን ከበሮ ድምፅ ለመሥራት አንድ ለስላሳ ሞገድ ትወስዳላችሁ፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ አካባቢ የሚርገበገብ። ይሄ ብቻውን እንቅልፍ የሚያመጣ ጉምጉምታ ነው። ከዚያ አንድ አጭር ቁልቁለት ትሠሩና ሁለት ገመድ ታወጡበታላችሁ። አንዱ ወደ ድምፁ ከፍታ ይሄዳል፤ ምቱ ይጮህና ይጠፋል። ሌላው ወደ ቅጥነቱ ይሄዳል፤ ድምፁ 200 አካባቢ ይጀምርና በዓይን ጥቅሻ ወደ 50 ይወርዳል። ያኔ ጉምጉምታው «ዱም» ይላል። ምክንያቱ ቆዳው ራሱ ነው፤ የተመታ ቆዳ መጀመሪያ ይወጠራል፣ ስለዚህ ይቀጥናል፤ ከዚያ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሮላንድ ቲአር-808 ድራም ማሽን ጭብጨባም ቀላል ምስጢር ነው ያለው፦ የሹሹታ ድምፅ ተከታትሎ ሦስት አራት ጊዜ ይቆራረጣል፣ በመካከላቸው አሥር ሚሊሴኮንድ ያህል ብቻ። ብዙ ሰው ሲያጨበጭብ እኮ እጆቹ እኩል አያርፉም። የጭብጨባ ውበቱ እዚያ አለመገጣጠም ውስጥ ነው።

ለሹሹታው እኔ የፕሮግራሙን ድምፅ ተውኩት። ማሻ ከአገሪቱ ዝናብ የበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ የሸካ ደን በከንቱ አልለመለመም። የቤታችን ጣራ ቆርቆሮ ነው። ዝናቡን በስልክ ቀዳሁትና በሹሹታው ቦታ አስገባሁት። አሁን የእኔ ጭብጨባ ውስጥ የክረምት ቆርቆሮ አለ። ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን እሰማዋለሁ።

ሁለተኛው ትምህርት አቆጣጠር ነው። አብዛኛው ድራም ማሽን በአሥራ ስድስት ይቆጥራል። የእኛ ጭፈራ ግን አሥራ ሁለት ይወዳል። ሞዱላር ላይ ይህን የሚከለክላችሁ የለም። አንድ ሰዓት ቆጣሪ ትወስዳላችሁ፤ ከእሱ ሁለት አካፋይ ታወጣላችሁ። አሥራ ሁለቱን በየሦስት ስትቆርጡት አራት ምት ይሰጣል፤ በየሁለት ስትቆርጡት ስድስት። አራቱን ለወፍራሙ የከበሮ አፍ፣ ስድስቱን ለቀጭኑ ስትሰጡ ሁለቱ እየተላለፉ እየተገናኙ ይሄዳሉ። ትከሻችሁ ሳትነግሩት ይንቀሳቀሳል።

ሦስተኛው ትምህርት ላይ የአጎቴ ቃል ተመልሶ መጣ። ጎበዝ ፓች አድራጊዎች የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፦ አንዱ ድምፅ ሌላውን እንዲሰማ ያደርጋሉ። ወፍራሙ ሲመታ፣ የእሱ ቁልቁለት ተገልብጦ ወደ ጭብጨባው ይላካል፤ ጭብጨባው ለቅጽበት ዝቅ ይልለታል፤ ልክ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም እንደሚለው። የቀጭኑ ጥንካሬ የወፍራሙን ርዝመት ይለውጣል። ዝግ ያለ ሌላ ሞገድ ደግሞ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ ያንቀሳቅሳል፤ ሁለት ዙር አንድ ዓይነት እንዳይሆን። ስክሪኑ በገመድ ተሞልቶ የሸረሪት ድር ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ገመድ ጆሮ ነው።

ታዲያ አንዱ ገመድ ከማይክ ቢመጣስ?

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ የሰውን ሥርዓትና ማሽንን ማጋባት ከዚህ አካባቢ ሩቅ አይደለም። ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ላይ ተገኝቶ በሽቦ መቅጃ ቀዳ፤ ከዚያ ድምፁን ስቱዲዮ ውስጥ እየለወጠ አዲስ ሥራ ሠራበት። ዛር፣ እኛው የምናውቀው ዛር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ ከበሮውን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲመሠረትም ዋናው እሱ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ያሉ ልጆች የአገሩን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር አዋህደው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለውታል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው። እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፦ የአንድን ሰው ጭብጨባ የሚሰማ ማሽን።

ፓቹ እንዲህ ነው። ማይኩ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ክፍል ጩኸቱን ይለካል። ሌላ ክፍል ጩኸቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ «አሁን!» ብሎ ምልክት ይልካል። ምልክቱ ወደ ሰዓት ቆጣሪው ይገባል። ቆጣሪው ባለፉት ሁለት ጭብጨባዎች መካከል ያለውን ጊዜ ይለካና ለሦስት ይከፍለዋል፤ አራት ጭብጨባ አሥራ ሁለት ይሆናል። ስታፈጥኑ ያፈጥናል፤ ስታዘገዩ ያዘገያል።

አንድ እሁድ ከሰዓት ላፕቶፑን ከነስፒከሩ አጎቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ማይኩን ከበሮው አጠገብ አደረግኩና «ጋሼ፣ እስኪ ይምቱ፤ ይጠብቅዎታል» አልኳቸው። በጥርጣሬ ዓይን አዩኝ። ሁለት ጊዜ መቱ። ማሽኑ ገባ። ቆም ሲሉ ቀጠለ፤ እንደገና ፈጠን ብለው ሲመቱ ተከተላቸው። ሳቁ። ሆን ብለው ሊያሳስቱት ሞከሩ፤ አዘገዩ፣ አፈጠኑ፣ እንደገና አዘገዩ። ከሃያ ደቂቃ በላይ ተጫወቱ። ከኦርጋን ጋር ሃያ ሴኮንድ መትተው የማያውቁ ሰው!

ከዚያ ከበሮውን አስቀምጠው ቡናቸውን አነሱ።

«ይሰማል» አሉ። «ግን ዘግይቶ ነው የሚሰማው።»

ልክ ናቸው። ቆጣሪው የሚያውቀው ያለፈውን ጭብጨባ ብቻ ነው። እሳቸው ሲለውጡ እሱ የሚያውቀው ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ምት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እኔ እኮ በጆሮዬ አይደለም የምከተለው» አሉኝ። «ጨፋሪው ሊያፈጥን ሲል ትከሻው አስቀድሞ ይናገራል። ሴቶቹ ሊያዜሙ ሲሉ ትንፋሽ ይስባሉ። እሱን አይቼ ነው የምመታው። ሲደርሱ እኔ እዚያ ነኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ለወራት ማሽኑ እንዲሰማ ስደክም ነበር፤ ለካ ከበሮ መቺነት ከመስማት አንድ እርምጃ ይቀድማል። ሰው ገና ያላደረገውን ማየት ነው። ለዚያ ቀዳዳ ያለው ሞጁል አላገኘሁም። ቢኖርም፣ ትከሻ ማንበብን ያስተማራቸው የሠላሳ ዓመት ሰርግ ነው እንጂ ገመድ አይደለም።

ታዲያ ፓቹን አልጣልኩትም፤ ሥራ አከፋፈልኩ። አሁን በኦርጋኑ የሪትም ቁልፍ ብዙ አልጠቀምም። ሰርግ ላይ፣ አጎቴ እሺ ባሉበት ቀን፣ ማይክ ከበሯቸው ላይ አለ፤ እሳቸው ትከሻውን ያያሉ፣ ማሽኑ እሳቸውን ይሰማል፣ እኔ ሁለቱንም እከተላለሁ። ቁጥሩን ካወቅነው በኋላ አንድ ምት መዘግየቱም ቦታ አገኘ፤ እሳቸው ጭፈራውን ሲለውጡ ማሽኑ አንድ ምት ቆይቶ ሲደርስ፣ መሪ ዘፋኝ ጀምሮ ተቀባይ እንደሚከተለው ይሆናል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ስፒከሩ ግን ዝም ይላል። ከበሮው ይቀጥላል።

ክፍያውን እኩል ነው የምንካፈለው። ይሄን መጀመሪያ ስነግራቸው «ለማሽኑስ ማን ይከፍለዋል?» ብለው ቀለዱ። አሁን እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የማሻ ልጆች ላፕቶፑን ለመንካት ይሰለፋሉ፤ ገመድ ሲጎትቱ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም አሳያቸዋለሁ። አጎቴ አጠገብ ቁጭ ብሎ የጨፋሪ ትከሻ ማንበብ የሚማረው ግን እስካሁን አንድ ልጅ ብቻ ነው። ላፕቶፕ ላይ የሚሰለፍ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ከበሮ ይዞ እሳቸው ዘንድ እንዲቀመጥ ወስኛለሁ። ያጉረመርማሉ። ግን ይቀመጣሉ።