ስለ ኪንግስቶን ከተማና ስለ ዘፋኙ ስለ አልተን ኤሊስ ድምፅ

ሰው አንድን አገር አየሁ ለማለት የሚችለው ሕንፃውንና መንገዱን ስለ ተመለከተ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡን ድምፅ አስተውሎ የሰማ እንደ ሆነ ነው እንጂ። ስለዚህ የጃማይካ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ኪንግስቶን የሚሄድ መንገደኛ፥ ወደቡንና ሰማያዊ የሚባሉትን ተራሮች ካደነቀ በኋላ፥ በስተ ምዕራብ ወዳለው ሰፈር ወደ ትሬንች ታውን ቢዘልቅ መልካም ነው።

ይህ የድኾች ሰፈር ነው። ብዙ ቤተ ሰቦች አንድ ግቢ፥ አንድ ማድ ቤትና አንድ የውሃ ቧንቧ ተካፍለው ይኖሩበት ነበር። በሩቅ ላለ ሰው ወሬው የጠብና የጩቤ ወሬ ነው፤ ነገር ግን አልተን ኤሊስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ ሰፈር ነው። እኅቱ ሆርተንስም ስመ ጥር ዘፋኝ ነበረች።

በወጣትነቱ ዘመን ሕዝቡ የሚጨፍረው፥ ነጋዴዎች ታላላቅ የድምፅ ማጉያ በየሜዳው አቁመው በሚያሰሙት ሸክላ ነበር። ስካ የሚባለው ዘፈን እጅግ ፈጣን ስለ ነበረ፥ ጡሩምባው የዘፋኙን ቃል ይውጠው ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያችን ከተማ በጎበኙበት በ1966 ዓ.ም. ግን ምቱ ዘገየ፤ ጡሩምባው ዝቅ አለ፤ ባስ ጊታሩ ጎላ፤ ለዘፋኙም ስፍራ ተለቀቀለት። ይህም አዘፋፈን ሮክስቴዲ ተባለ። ኤሊስ ከመልካም ዘፈኖቹ ብዙዎቹን የቀዳው፥ በቦንድ መንገድ ላይ ዱክ ሪድ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ከመጠጥ መደብሩ በላይ ባሠራው ክፍል ውስጥ ነው።

ድምፁ ቀጭንና የጠራ ነው። ሲጀምር ለአንድ ሰው ብቻ በጆሮው የሚነግር ይመስላል። ሌሎች ስሜታቸውን በጩኸት ሲገልጹ እርሱ ጩኸቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ከምቱ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ ይገባል፤ ቃሉን ያስረዝመዋል፤ በመጨረሻውም ድምፁን ሰበር ያደርገዋል። የአገራችን የዜማ ሊቃውንት አራራይ የሚሉትን፥ ልብ የሚያራራውን ዜማ ለለመደ ጆሮ፥ ሥርዓቱ ምንም ሌላ ቢሆን፥ ይህ አሰባበር እንግዳ አይሆንበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን ይህን ልስላሴ ያዋለበት ነገር ነው። በዚያ ወራት «ሩድ ቦይ» የሚባሉ ጎረምሶች የጭፈራውን ስፍራ በጠብ ያውኩ ነበር፤ የሚያሞግሷቸው ዘፋኞችም አልታጡም። ኤሊስ ግን «ዳንስ ክራሸር» በሚለው ዘፈኑ ጠቡን እንዲተዉ ለመናቸው። መቈጣት ለሁሉ ይቻላል፤ ሳይቈጡ መገሠጽ ግን የጥቂቶች ስጦታ ነው።

ኤሊስ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ሲኖር በ2008 ዓ.ም. በለንደን ዐረፈ። ሸክላዎቹ ግን ዛሬም ይሰማሉ። እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ አንድ ሰፈር በክፉ ስም ሲጠራ ስትሰሙ፥ ከዚያ የወጣውን መልካም ድምፅ ደግሞ ጠይቁ፤ ዳኛ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድምና።