ድንጋዩን አታንሱበት

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አናወራም፤ ስለ ፍቅርም አናወራም። የዛሬው ወሬያችን ስለ ዓሣ ነው። ቆይ፣ አትሳቁ! ስለሚጠበሰውም አይደለም። ስለሚደበቀው ነው።

እኛ ቤት፣ ደሴ ላይ፣ አንድ አኳሪየም አለ። "እኛ" ስንል ሁለት እህትማማቾችና አንዲት የአክስታችን ልጅ ነን። ገንዳው ውስጥ አምስት ሞሊዎችና ሁለት ኤንጀልፊሾች አብረው ይኖራሉ። አንዱ ኤንጀልፊሽ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ነው። ትንሹ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በላስቲክ ውስጥ ሆኖ በአውቶቡስ ተንገላቶ መጣ። ገንዳው ውስጥ ከገባበት ቀን ጀምሮ ከድንጋዩ ኋላ አልወጣም አለ። ክንፉን አጣጥፎ፣ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ቁጭ። ስሙን ድብቄ አልነው።

እንግዲህ ወሎ ላይ ቡና ሲፈላ ምክርም አብሮ ይፈላል። አቦል ላይ "ታሞ ነው" ተባለ። ቶና ላይ "ዓይን በልቶት ይሆናል" ተባለ። በረካ ላይ ፍርዱ ወጣ። እኛ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው የፈረዱት፦ "ልጆቼ፣ ድንጋዩን አውጡት። መግቢያ ሲያጣ ወዶ ሳይሆን በግዱ ይለምዳል!"

"እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ውሃውን እንይለት" አልናቸው።

ለምን መሰላችሁ? እኛ አየሩ ካልተስማማን በር ከፍተን እንወጣለን። ዓሣ ግን የት ይሄዳል? የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ ቆሻሻውን የሚያስወጣውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ጤናማ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይቀይሩታል። አዲስ ገንዳ ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ አሞኒያው ስንጥቡን ያቃጥለዋል፤ ናይትራይቱ ደግሞ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። የሁለቱም ልክ 0 መሆን አለበት። እየተቃጠለ ያለን ፍጥረት "ምን ያስደብቅሃል?" ማለት ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?

መለኪያው እጃችሁ ላይ ባይኖርም መላ አይጠፋም። የገንዳውን ውሃ ሩቡን ብቻ ቀንሱና በአዲስ ተኩት። ሁሉንም በአንዴ አትድፉት፤ ድንገተኛ ለውጥ ራሱ ጭንቀት ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሳትከድኑት 24 ሰዓት አቆዩት። ሙቀቱም ከገንዳው ጋር እኩል ይሁን።

ቀጥሎ ብርዱ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐረጎን ስንወርድ ጃኬት እናወልቃለን፤ ስንመለስ እንለብሳለን። ድብቄ ጃኬት የለውም! ዘሩ ከአማዞን ወንዝ ነው፤ የለመደው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ ነው። የጦሳ ብርድ በኅዳር ሌሊት ሲወርድ እኛም ብርድ ልብስ እንደርባለን። ስለዚህ ገንዳው ማሞቂያ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሞቂያውም ማጣሪያውም አብረው ይቆማሉ። ያኔ ገንዳውን በጋቢ እንጠቀልለዋለን፤ በየጊዜው ውሃውን በኩባያ እየቀዳን ከላይ መልሰን እናፈሰዋለን፣ አየር እንዲያገኝ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅንም ያንሳል። የኮምቦልቻ ጓደኞቻችን በብርድ በኩል ያርፋሉ፤ በሙቀቱ ወራት ግን እነሱም ይጠንቀቁ፤ ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ቁጭ ብለን ስናይ ድብቄ ብቅ ባለ ቁጥር ትልቁ ኤንጀልፊሽ እየተወረወረ ይመልሰዋል። ታዲያ ድንጋዩን ከማንሳት ይልቅ ሁለት ጨመርን። የነበሩትንም ቦታ ቀያየርናቸው፤ እንዲህ ሲሆን ትልቁ "የኔ ግዛት" የሚለው ድንበር ይጠፋበታል። መብራቱን ቀነስን። ምግብ በሁለት ጥግ መስጠት ጀመርን። ሞሊዎቹም ሳያውቁት ረዱን፤ እነሱ ከላይ ተዝናንተው ሲዋኙ የፈራው "ለካ አደጋ የለም" ይላል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል አይደል? ግን ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ደጋግመው ያዩት ነው፦ መሸሸጊያ ያለው ዓሣ ደፍሮ ይወጣል፤ መሸሸጊያ የተነፈገው ጥግ ላይ እየተንቀጠቀጠ ያልቃል።

መደበቅ ሁሉ በሽታ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን የሐይቅን ቆሮሶ እንውሰድ። ቆሮሶና ኤንጀልፊሽ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አትቆጣቸውም። ሲረጋጉ ትለቃቸዋለች።

ይህን ሁሉ የምንነግራችሁ ለድብቄ ብለን ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ የአክስታችን ልጅ ኮምቦልቻ ነበረች። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ እዚያው ቆየች። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ ናት። በር በኃይል ሲዘጋ ወደ ጓዳ ትገባለች። እንግዳ ሲበዛ ትገባለች። ስለ እሷም ቡና ላይ ፍርድ አይጠፋም፦ "አውጧት እንጂ! ጓዳውን ቆልፉባትና ሰው ትልመድ!"

እኛ አልቆለፍንም። ሰው ዓሣ አይደለም፤ እናውቃለን። የጥያቄው ቅደም ተከተል ግን ይመሳሰላል። ሌሊት ትተኛለች ወይ? ምግብ ይበላላታል ወይ? በመጣ ቁጥር "እስቲ ያየሽውን ንገሪን" እያለ የሚጎተጉታት ማን ነው? እሱን ዘመዳችንን በትሕትና "ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ይተዉልን" አልነው። እንቅልፏ እየባሰ ሲሄድ ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት ይዘናት ሄድን፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አየቻት። ይህ ቡና ላይ የሚፈታ ነገር አይደለምና።

ድብቄን ማታ ማታ የምትመግበው እሷ ናት። ማንም አላዘዛትም። በሦስተኛው ሳምንት ከድንጋዩ ወጥቶ ከእጇ ሥር ሲበላ መጀመሪያ ያየችው እሷ ነች። ጠርታ አሳየችን፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳይደነግጥ። አሁንም ኮቴ ሲሰማ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። እሷም አሁንም ወደ ጓዳ ትገባለች። በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች።

እናንተ ቤት የሚደበቅ ካለ፣ ዓሣም ይሁን ሰው፣ ከመጎተታችሁ በፊት ውሃውን እዩለት። ብርዱን እዩለት። የሚያሳድደውን ፈልጉ። ድንጋዩን ግን አታንሱበት፤ የሚወጣው በእሱ ተማምኖ ነው።

አብሽሩ። በቸር ያገናኘን!