ተራራውን ያስጎበኘኝ ዝናብ

ተራራ ሊያይ የሚጓዝ ሰው የጠራ ሰማይ ይመኛል፤ የክረምት ደመናም ለመንገደኛ እንቅፋት ሆኖ ይቆጠራል። ዳሩ ግን የጎጃምን ደጋ ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ለሚሻ ሁሉ ከሐምሌ ዝናብ የተሻለ አስጎብኚ አይገኝም። ለዚህ እምነት ያበቃኝ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ በጮቄ ተራሮች የሥነ ምኅዳር መንደር የዋልኩት አንድ ቀን ነው። ይህ መንደር ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.፣ በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓመቱ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ተመርጧል።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ጫፍ ከጧት ጀምሮ በጉም ተሸፍኖ ነበር። እኔም በእንግዳ ማረፊያው ጎጆ ተቀምጬ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ገሳና በርኖስ፣ ጥግ የቆሙትንም ሞፈርና ቀንበር ስመለከት ቆየሁ። ዝናቡ ሲበረታ፣ አብረውኝ የተጠለሉትን አንድ አዛውንት ገበሬ፣ «አባቴ፣ ተራራው ዛሬ አይታይም ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም በደጅ የሚወርደውን ድፍርስ ጎርፍ በበትራቸው እያመለከቱ፣ «ምነው ልጄ፣ ተራራውማ ይኸው በፊትህ እየሄደ አይደለም እንዴ!» አሉኝ።

ካፊያው ጋብ ሲል ይዘውኝ ወጡና ሁለት ፈፋዎች አሳዩኝ። አንደኛው ለገብስና ለድንች ከታረሰ ዳገት የሚወርድ ሲሆን ውኃው ጭቃ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ጓሳና አስታ ካልተለየው ተዳፋት ስለሚመነጭ ጠጠሩን እያሳየ ይፈስ ነበር። ዝናቡ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የመሬቱ ልብስ ነው። ገበሬውም ቢሆን ዳገቱን የሚያርሰው ጉዳቱን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን መሬት ስለ ጠበበው ነው። ስለዚህም እርከን መሥራትና በእርከኑ ላይ ለከብት መኖ የሚሆን ትሪሉሰርን መትከል አፈሩንም ጎተራውንም ይጠብቃል።

ጉዳዩ በዚያ ዳገት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ብር ሁሉም ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ማደሪያ የለውም ሲባል የኖረው ዓባይ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ማደሪያ አግኝቷል። ነገር ግን ወደ ማደሪያው ይዞ የሚገባው ግንድ ብቻ ሳይሆን የደጋው አፈር ጭምር ነው። አፈሩ ከላይ ሲሄድ ማሳ ይራቆታል፤ ከታች ሲተኛ ደግሞ የውኃውን ቦታ ይሻማል።

እንግዲህ የጎብኚ ማዕከል የሚባለው ቤት የአባቶችን ዕቃ በክብር ከማስቀመጡ ጋር፣ ከሁለቱ ፈፋዎች የተቀዱ ሁለት ጠርሙሶችን ጎን ለጎን ቢያኖር ከብዙ ጽሑፍ የበለጠ ያስተምራል። መምህራንም ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት፣ በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ፣ ተማሪዎቻቸውን ወደ ቅርባቸው ወዳለው ዳገት ይዘው ቢወጡ መልካም ነው።