የሌላው መኪና ቁጥር



የዝግጅት ክፍሉ ስለ ሕክምና ትምህርቴ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ከጠየቀኝ ሁለት ወር አልፎታል። ደጋግሜ ጀምሬ ተውኩት። በመጨረሻ ያቀረብኩላችሁ ስለ መኪና ሞተር የሚያወራ ሆኖ ተገኘ። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ እንድትፈርዱ አደራ እላለሁ። የምተርከው ጥፋት የራሴ ስለሆነ ማንንም ለመውቀስ አልጻፍኩትም።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቼ ወደ ጅዳ ከመጣሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ የወሎ ሰው ወደሚሠሩበት ጋራዥ እሄዳለሁ። በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ስለሚችሉ ጋሼ ነው የምላቸው። ዐረብኛ እንደ አገሬው ይናገራሉ፤ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምተው በሽታውን ይናገራሉ፤ እንግሊዝኛ ግን አያነቡም። ስለዚህ ከዕቃ ጋር የሚመጣውን መመሪያ እኔ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ምሳና ቡና ያቀርቡልኛል። የጋራዡ ሰው ሁሉ እሳቸውን «ሙሀንዲስ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እኔን «ዶክተር» ይሉኛል። ገና ሳልመረቅ ዶክተር መባሉ ደስ ይለኝ ነበር። ከጥፋቱ ሥር የነበረው ይኸው ደስታ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ተርቦ ባጭሩ ላስረዳ። ሐሳቡ የስዊሱ መሐንዲስ የአልፍሬድ ቡኺ ነው፤ የመጀመሪያውን የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። ከሞተር ወጥቶ በከንቱ የሚባክነው ጭስ አንድ ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛ መዘውር ንጹሕ አየር እየሳበና እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ነገር ግን ልጓም ካልተበጀለት ጭሱ መዘውሩን፣ መዘውሩ አየሩን፣ አየሩ ደግሞ ጭሱን እያበዛ አንድ ነገር እስኪሰበር ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ በጭሱ መንገድ ላይ መካኒኮች ዌስትጌት የሚሉት ትንሽ በር አለ። በሩን የሚዘጋው ሞላ ነው። የተጨመቀው አየር በቀጭን ጎማ መጥቶ የሞላውን ኃይል ሲያሸንፍ በሩ ይከፈታል፤ ከጭሱም ከፊሉ መዘውሩን ሳይነካ ያልፋል። እንግዲህ እያንዳንዱ መኪና በሞላው ልክ የሚደርስበት የራሱ የመነሻ ግፊት አለው ማለት ነው።

ኤሌክትሮኒኩ የግፊት መቆጣጠሪያ የሚገባው በዚያች ቀጭን ጎማ መካከል ነው። በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለው፤ በመሣሪያው ላይ የምንሞላው ቁጥርም ቫልቩ ከጊዜው ስንት በመቶውን እንደሚሠራ የሚወስን ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወደ በሩ የሚደርሰው ግፊት ይቀንሳል፤ በሩ ይዘገያል፤ ተርቦው ከሞላው ልክ በላይ ይጨምቃል። እንደ ሕክምና ተማሪ ስናገር፣ በአንገታችን የደም ሥር ውስጥ የደም ግፊትን የሚለካውን ሕዋስ «ግፊቱ ገና ዝቅተኛ ነው» ብሎ እንደ ማታለል ነው። መሣሪያው ሞተሩን አያጠነክርም፤ የሚያደርገው ከሞተሩ ጠባቂ ወሬ መደበቅ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት በበጋው ሙቀት መካከል አንድ የክፍል ጓደኛዬ ባለ ሁለት ሊትር ሱባሩ ኢምፕሬዛውን ይዞ መጣ። የጅዳ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 በባሕሩ ዳር የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን ውድድር ከተካሄደ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። በጃፓን የተሠራ ያገለገለ የግፊት መቆጣጠሪያ ገዝቷል፤ የእንግሊዝኛ መመሪያውም አብሮ አለ። ጋሼ ዕቃውን ገጠሙ፤ እኔ መመሪያውን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

መመሪያው በመጀመሪያ መሣሪያው ጠፍቶ የመኪናው የራሱ ግፊት እንዲለካ፣ ቀጥሎ የማስጠንቀቂያው ወሰን እንዲሞላ፣ ከዚያ ቁጥሩ ከዝቅተኛው ተነሥቶ በጥቂት በጥቂቱ እንዲጨምር ያዛል። ይህ ሁሉ አሰልቺ ሆነብኝና ገጹን ገለጥሁት። ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ምሳሌ የሚሆን ሠንጠረዥ ነበር፤ በዚያም ላይ 45 የሚል ቁጥር አየሁ።

«ጋሼ፣ 45 አድርገው ነው የሚለው» አልኳቸው።

ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው «ከአሥር ብንጀምረውስ?» አሉኝ።

«መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው» አልኩ።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ዶክተር» ብለው 45 ሞሉ።

ማታ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ባዶ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ተሞከረ። ግፊቱ 1.3 ባር ድረስ ዘሎ 1.1 ላይ ረጋ። ጓደኛዬ በደስታ ጮኸ። ጋሼ ግን የዘለለው ነገር አላማራቸውም፤ እንቀንሰው አሉ። ሁለታችንም በአንድ አፍ ተከራክረን አስተውናቸው። በመንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ማድረግ ራሱ ጥፋት እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን እኔም ከልጁ ያላነሰ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ እናቱን ለዑምራ ይዞ ቀትር ላይ ወደ መካ ተነሣ። ከጅዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ላይ የሹመይሲ ኬላ አለ፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከዚያ ወደ መካ አያልፍም። በኬላው ሰልፍ ለረጅም ጊዜ ቆመ። የዚያን አገር የበጋ ሙቀት ለማታውቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በሐጅ ወቅት መካ ላይ ከ51 ዲግሪ በላይ ተመዝግቧል። የኢምፕሬዛ የአየር ማቀዝቀዣ ደግሞ ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ ነው፤ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ያገኛል፤ ሲቆም ግን የሞተሩን ሙቀት እየጠጣ ይግላል። ኬላውን አልፎ መንገዱ ነፃ ሲሆን ጓደኛዬ ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረገጠው። የጋለ አየር፣ በዚያ ላይ ከመጠን ያለፈ ግፊት፤ ቤንዚኑ በሻማው ብልጭታ ተራውን ጠብቆ በመቃጠል ፈንታ በራሱ ይፈነዳል። መካኒኮች ኖክ የሚሉት ይህ ነው። ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል።

ስልክ ሲደወል ከጋሼ ጋር ነበርኩ። የጭነት መኪና ይዘን ደረስን። ሱባሩው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ከጭስ መውጫው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ እናትየው በፀሐዩ ላይ በአባያቸው ጥላ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ውኃ ሰጠኋቸው። ያን ቀን መኪናው በሌላ መኪና መካከል ኃይል አጥቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። እሳቸው ግን ስሜን ሳይጠይቁ መረቁኝ። ምርቃት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ጋራዥ ተመልሰን የሲሊንደሮቹ ግፊት ሲለካ ሦስቱ እኩል አሳዩ፤ አራተኛው ግን የእነሱን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሞተሩ ሲፈታ ፒስተኑ ቀለበቱን የሚይዝበት ጠርዝ ተሰንጥቆ ተገኘ። አሠሪው መጥቶ ማን ቁጥሩን እንደሞላ ጠየቀ። ጋሼ «እኔ ነኝ» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ወገኖቼ፣ ዝም አልኩ።

በስደት የምትኖሩ ሁሉ የዚያን ቃል ዋጋ ታውቃላችሁ። የጋሼ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪያቸው እጅ ነው፤ ከደመወዛቸው የሚቆረጠው ደግሞ ከደሴ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ የሚቆረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው የተመለሱትን ከ100 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ያየ ሰው፣ ወረቀት እንዴት ያለ ቀጭን ነገር እንደሆነ አይዘነጋም። እኔ በበኩሌ ስሕተቴን ብናገር ከአንድ ቀን ሐፍረት በቀር የሚደርስብኝ ነገር አልነበረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ወደ አሠሪው ሄጄ መመሪያውን አወጣሁና የዘለልኩትን ገጽ አሳየሁት። ጓደኛዬም እንቀንሰው ሲባል የከለከለው እሱ ራሱ መሆኑን አመነ። ወጪውን ለሦስት ተካፈልነው፤ የእኔ ድርሻ ከወር አበሌ እየተቀነሰ ሰባት ወር ፈጀ። ጋሼ ስለ መናገሬ አላመሰገኑኝም፤ አልወቀሱኝምም። ቡና እየቀዱ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ወረቀቱን አነበብክልኝ፤ መኪናውን ማንበብ የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ። ጆሮዬ እየነገረኝ አንተን ሰማሁ።» ይህ አነጋገር ከወቀሳ የበለጠ ወጋኝ። የሃያ ዓመት እውቀት ለእኔ ለአንዲት ገጽ ቦታ ለቆ ነበርና።

ሞተሩ ታድሶ ሲመለስ ሥራውን እንደ ሥርዓቱ ጀመርን። በዚህ ጊዜ መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ጋሼም በየገጹ ጠየቁ። መንገድ ላይ መሞከሩ ቀርቶ መኪናው ባለበት ጎማው ብቻ የሚሽከረከርበት ዳይኖ ላይ ወጣ። መሣሪያው ጠፍቶ ሲለካ የሞላው ግፊት 0.5 ባር ሆነ፤ በሠንጠረዡ ላይ የነበረው ምሳሌ ግን ሌላ ተርቦና ሌላ ሞላ ያለው መኪና ነበር። ማስጠንቀቂያው 0.9 ላይ ተሞላ። ቁጥሩን በአምስት በአምስት እየጨመርን በየጊዜው ግፊቱን፣ የአየርና የቤንዚኑን መጠን፣ የሚገባውን አየር ሙቀት በወረቀት ላይ ጻፍን። ቀጥሎ ጌይን የሚባለው መጣ፤ መሣሪያው ግፊቱ ሲጎድል ወይም ሲያልፍ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያርም የሚወስነው እሱ ነው። ሲያንስ ተርቦው ይዘገያል፤ ሲበዛ ግፊቱ ወሰኑን ዘሎ እንደ ወባ ትኩሳት ይወጣል ይወርዳል።

ኖኩን ለመስማት ጋሼ አንድ የመዳብ ቧንቧ ከሞተሩ አካል ጋር አሰሩና ረጅም ጎማ ቀጠሉበት። እኔ ደግሞ የልብ ማዳመጫዬን ከጎማው ጋር አገናኘሁት። ከመኪናው ራቅ ብዬ ተቀምጬ አዳመጥሁ፤ አልለየኝም። ማዳመጫውን ለጋሼ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና 0.8 ባር ስንደርስ እጃቸውን አነሡ። «ገና አልጀመረም፤ ግን መምጫው ነው፤ እዚህ ይብቃው» አሉ። እዚያው ላይ ቆምን። 95 ቤንዚን ብቻ እንዲሞላ፣ ከሰልፍ በኋላ ማቀዝቀዣው ነፋስ እስኪያገኝ በዝግታ እንዲነዳ፣ ወቅቱ ሲለወጥ ቁጥሩ እንደገና እንዲታይ ለባለቤቱ ጻፍንለት።

አሁን በሆስፒታል ልምምድ ላይ ነኝ። ለታማሚ የሚሰጠውን መጠን ከመጽሐፍ ሳነብ የበሽተኛውን ኩላሊትና ክብደት ሳላይ እጄ አይሄድም፤ ይህን ያስተማረኝ 45 ቁጥር ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ነገ መጽሐፍ ተሸክመን ወደ አገራችን እንመለሳለን። ያ ሱባሩ ደሴ ቢሄድ ምን ይሆናል ብዬ አሰላሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከጅዳው ሦስት አራተኛ ነው። በጌጁ ላይ ያው 0.8 እንዲታይ ጅዳ ላይ ተርቦው አየሩን 1.8 እጥፍ ሲጨምቀው፣ ደሴ ላይ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሊጨምቀው ይገባል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተርቦው ሸክም ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከአገር ስንገባ በመጀመሪያ መሣሪያችንን አጥፍተን የቤቱን የራሱን ግፊት እንለካ። እዚያ የቆዩት፣ ሳያነቡ የሚያውቁት ሰዎች «ከአሥር ብንጀምረውስ?» ሲሉን ቀና ብለን እንስማቸው።

ጋሼ አሁንም ዶክተር ይሉኛል። እኔ ግን «ገና ነኝ ጋሼ» ማለት ጀምሬያለሁ።

በያላችሁበት ሰላም ሁኑ።