በእንጦጦ ዳገት

ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን ዳገት በሩጫ ተያያዝነው። በእጃችን ያሰርናት ሰዓት ርቀቱን በሳተላይት፣ የልባችንን ትርታ በአረንጓዴ ብርሃን ትለካ ነበር። የሜዳውን ፍጥነት እንደግማለን ስንል ልባችን ክፉኛ ደለቀ፤ በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ የሳሳ ነውና። እኛ ግን 10,000 እርምጃ እንሞላለን ብለን ቸኰልን።

ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ማን አባረራችሁ?» አሉን።

ያባረረንስ ቍጥር ነበር! እርሱም እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቍጠሪያ ስም የመጣ እንጂ ሐኪም ያዘዘው መጠን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ትርታችን ሲበዛ እርምጃችንን እናዘገያለን።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ሰዓቲቱ ከአልጋ ብታስነሣችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን አማካሪ እንጂ አለቃ አታድርጓት።