ደረቅ ቼክ እና ሽምግልና

የአክስቴ ልጅ እህል ነጋዴ ናት። ጤፍ ወስዶ ቼክ የጻፈላት ደንበኛዋ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በሽማግሌ ነው፤ «በዓሉ ይለፍ»፣ «የሰው ገንዘብ ሲገባልኝ» እየተባለ ወራት ነጎዱ። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ስንቱን ቤት ከመፍረስ ሲያድን አይቻለሁ። ግን ቼክ የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ ይህን ቀድሞ የሚነግራት ሰው መጥፋቱ ያንገበግበኛል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ አገር ውስጥ የሚከፈል ቼክ በ6 ወር ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት። ይህ ጊዜ ካለፈ ከ6 ወር በኋላ ደግሞ በቼኩ የመክሰስ መብት በይርጋ ይታገዳል።

ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ነው። እርግጥ ሆን ብሎ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ሰውየው ታሰረ ማለት ግን የጤፉ ዋጋ ተመለሰ ማለት አይደለም። ለዚያ የፍትሐ ብሔር ክስ ያስፈልጋል፦ ቼኩንና ባንኩ በቂ ገንዘብ እንደሌለ የሰጠውን ማረጋገጫ አያይዞ፣ ጉዳዩ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በአጭር ሁኔታ እንዲታይ መጠየቅ። እዚያ ተከሳሹ እንዲሁ ወደ ክርክር አይገባም፤ ምክንያቱን በቃለ መሐላ አስደግፎ መከላከያውን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ይቀጥል። ክሱ ግን በዚህ ሳምንት ይከፈት፤ እርቅ ከወረደ ፍርድ ቤቱ ይመዘግበዋል።