ወደ ሶዶ ያደረግነው ጕዞ፥ ስለ ጦና ንቦችም የሰማነው

ባለፈው በጋ ከሥራችን ጥቂት ቀን ዕረፍት ስላገኘን፥ ወላይታን ለማየት አስበን ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሣን። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል የሚወስደው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሆሳዕና ወዲያ ምድሩ እየቀላ፥ እንሰቱም እየበዛ ይሄዳል። በየቤቱ ጓሮ እንሰት፥ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና፥ ከቡናው ወዲያ ጎደሬና ስኳር ድንች ተተክሎ ይታያል። የሰዉም ብዛት የሚያስደንቅ ስለ ሆነ፥ አንዱ ቤት ከሌላው ሳይርቅ እስከ ሶዶ ድረስ ይቀጥላል። አረካን አልፈን ወደ ማታ ገደማ ሶዶ ደረስን።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጧት ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ፥ ከከተማው ሆኖ ወደ ታች ለተመለከተ ሰው የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ይታየዋል። የወላይታ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ይገኛል። ስለ አገሩ ቅቤና ሥጋ፥ ከሥጋውም ጋራ ስለሚቀርበው ዳጣ ብዙ ሰው ስለሚያውቅ፥ በዚህ ነገር አናበዛም። እኛ በዚህ ገጽ ልንነግራችሁ የፈለግነው ስለ ኳስ ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን «ዕድሜው ከአርባ ያለፈ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከኳስ ጋራ ምን አገናኘው» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ በልጅነታችን በየኔታ ዘንድ ዳዊት ስንደግም፥ ከጨርቅ የተሠራ ኳስ ይዞ የተገኘ ልጅ ይገረፍ ነበር። ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ግን፥ መምህራኑ ራሳቸው ልብሳቸውን ሰብስበው ከእኛ ጋራ ኳስ ሲራገጡ አይተን እጅግ ተገረምን። ከሁለቱ የትኛው ልክ እንደ ሆነ ሳንቈርጥ ብዙ ዘመን ኖረናል። በሶዶ ያየነውና የሰማነው ግን ነገሩን በሌላ ዐይን እንድንመለከተው አደረገን።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጋ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የልጅ ልጃቸው በዩኒቨርሲቲው ይማራል። በማግሥቱ ይኸው ልጅ አገሩን ሊያሳየን ይዞን ወጣ፤ ወደ ትምህርት ቤቱም ቅጥር በገባን ጊዜ ዐሥር የሚሆኑ ወጣቶች ከፍ ብሎ በተሰቀለ መረብ ውስጥ ኳስ ሲወረውሩ አገኘን። ቅርጫት የሌለው ጨዋታ ስለ ምን የቅርጫት ኳስ ተባለ ብለን ብንጠይቀው፥ ልጁ ታሪኩን እንዲህ አጫወተን።

በ1884 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ ስፕሪንግፊልድ በሚባል ከተማ፥ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር መምህራን የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ነበር። ክረምቱ በረዶ ስለ ሆነ ወጣቶቹ ከቤት መውጣት ተስኗቸው፥ ሰውነታቸው ሥራ ፈትቶ ያስቸግሩ ጀመር። ጄምስ ናይስሚዝ የተባለው መምህር ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ጨዋታ እንዲፈልግ ታዘዘ። እርሱም ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ከፍ አድርጎ አሰቅሎ፥ 13 ደንቦች ጽፎ በግድግዳ ለጠፈ። ኳስ ይዞ መሮጥ፥ መግፋት፥ መያዝ፥ መጥለፍና መምታት የተከለከለ ነው የሚል ከደንቦቹ ይገኛል። የጨዋታው ሁሉ ብልኀት በዚህ ነው፤ ጕልበት ያለው ጕልበቱን እንዲያሳይ፥ ነገር ግን ባልንጀራውን እንዳይጐዳ ተብሎ የታሰበ ነው።

ይህን በሰማን ጊዜ የአገራችንን የገና ጨዋታ አሰብን። በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ተሰልፈው ሩሯን ሲያሳድዱ፥ ጌታው የሎሌው ዱላ ቢያገኘው እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ ነው። ናይስሚዝ በወረቀት የጻፈውን አባቶቻችን በልማድ አጽንተውት ኖረዋል ማለት ነው። ደንብ ባለበት ሜዳ የተሸነፈ ሰው ክብሩ አይነካም።

የወላይታ ሕዝብ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የእግር ኳስን ነው። ወላይታ ዲቻ የሚባለው ማኅበር በ2001 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዲቻ የሚለውም ስም በአገሩ ቋንቋ ማደግ ከሚለው የወጣ ነው። በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ከታላላቆቹ ጋራ መጫወት ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ ስለ ወሰደ፥ በሚቀጥለው ዓመት አገራችንን ወክሎ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ እንዲጫወት ዕድል አገኘ።

ያ የ2010 ዓ.ም. ወራት ለአገራችን የጭንቀት ጊዜ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። የወላይታ ተወላጅ የሆኑት ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በየካቲት ወር ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ጠይቀው፥ ተተኪያቸው መጋቢት 24 ቀን ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ፥ ሰው ሁሉ ነገ ምን ይሆን እያለ ይጠባበቅ ነበር። ዲቻ አስቀድሞ ከዛንዚባሩ ዚማሞቶ ጋራ በባዕድ ሜዳ 1 ለ 1 ወጥቶ፥ በአገሩ 1 ለ 0 አሸንፎት ነበር። ቀጥሎ የደረሰው ዛማሌክ ነው። ይህ የካይሮ ቡድን በፈረንጅ ቁጥር ከ1911 ጀምሮ የኖረ፥ ያን ጊዜም የአፍሪካን ታላቅ የቡድኖች ዋንጫ 5 ጊዜ የወሰደ ነበር።

የመጀመሪያው ግጥሚያ የተደረገው በሐዋሳ ነው። ልጁ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነበረ፤ በሐዋሳ ከሚኖር አጎቱ ጋራ ሆኖ እንዳየው ሲነግረን ዐይኑ ይበራ ነበር። የወላይታ ሰዎች ጥቍር፥ ቀይና ቢጫ ጥለት ያለውን ዱንጉዛ ለብሰው ሜዳውን ሞልተውታል፤ አጠገቡ የተቀመጡት የሐዋሳ ሰዎችም «የእኛ ነው» እያሉ አብረው ያጨበጭቡ ነበር አለን። ዲቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። በመጋቢት ወር በካይሮ ደግሞ ዛማሌክ 2 ለ 1 ስላሸነፈ፥ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሆኑ፤ በመለያ ምትም ዲቻ 4 ለ 3 አሸንፎ ዛማሌክን ከውድድሩ አስወጣው። ከዚያ በኋላ ከታንዛንያው ያንግ አፍሪካንስ ጋራ ተጋጥሞ፥ በዳሬሰላም 2 ለ 0 ተሸንፎ፥ በሐዋሳ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም ስላልበቃው ውድድሩ በዚህ ተፈጸመለት።

ደጋፊዎቹ ይህን ቡድን «የጦና ንቦች» ብለው ይጠሩታል። ይህን ስም ስንሰማ ነገሩ ከኳስ ጨዋታ ያለፈ እንደ ሆነ ገባን።

ካዎ ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ናቸው፤ ካዎ ማለትም ንጉሥ ማለት ነው። በ1887 ዓ.ም.፥ ናይስሚዝ ቅርጫቱን በሰቀለ በ3 ዓመቱ፥ ዐፄ ምኒልክ ወደ ወላይታ ዘመቱ። ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ስለ ተዋጉ ጦርነቱ እጅግ የከፋ ሆነ። ከዘመቻው ጋራ አብሮ የሄደው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን እልቂት፥ የተማረከውንም ሰውና ከብት በመጽሐፍ ጽፎ፥ በፈረንጅ ቁጥር በ1896 አሳትሞታል። ካዎ ጦና ቈስለው ተማርከው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ።

ማታ እራት ቀርቦ ሳለ ሽማግሌው ይህን ታሪክ አያታቸው እንደ ነገሯቸው አወሩልን። አያታቸው በዚያ ጊዜ ከብት የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ፤ ከብቱም ተወሰደ፥ ሁለት ወንድሞቻቸውም አልተመለሱም። እኛ ይህን ስናዳምጥ፥ የእኛ ቅድመ አያት ከዘማቹ ወገን እንደ ነበሩ በቤታችን ሲነገር መስማታችን ትዝ ስላለን ጕርሻው ከእጃችን ቀረ። ይህን መደበቅ ነውር መስሎ ስለ ታየን ለሽማግሌው ነገርናቸው። ከአንባቢዎቻችንም መካከል ይህን የመሰለ ታሪክ በቤቱ ያለው ሰው ብዙ ይሆናል።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፥ እርስዎም አላደረጉት፥ እኔም አልደረሰብኝ። ይብሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ የጦናን ስም ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የሚያነሣው። ዛሬ ልጆች በሜዳ ይጮኹበታል። ካይሮ ላይም ስሙ ከኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ጋራ ነው የሄደው። ተማርኮ ወጥቶ የነበረ ስም፥ ተወክሎ ወጣ። እኔ ስለ ኳስ አላውቅም፤ ይህን ግን አውቃለሁ።»

ቀጥሎም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ ቀን ከልጁ ያልሰማነውን ነገሩን። ከካይሮው ድል በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ ሰዎች መካከል ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፥ ብዙ ሰውም ከቤቱ ተፈናቀለ። ልጁን ወደ ሜዳ ይዞት ሄዶ የነበረው አጎቱ ሱቁ ተቃጥሎበት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሶዶ መጣ። አስቀድሞ አብሮ ያጨበጨበ ከተማ በሰኔ እንዲህ ሆነ።

«እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው፥ «በዚህ ሳምንት ቡድኑ በሐዋሳ ይጫወታል። ልጁ ልሂድ ብሎ ይለምነኛል። እናቱ አይሄድም ብላ ታለቅሳለች። እርስዎ የፍርድ ቤት ሰው ነዎትና ይፍረዱልን፤ ይሂድ ወይስ ይቅር?»

እኛ ፈራጅ አይደለንም፤ ሥራችን የተፈረደውን መጻፍ ነው። ይሁን እንጂ በጽሕፈት ቤታችን ብዙ ዘመን ተቀምጠን ያየነው አንድ ነገር አለ። ሰው ሲከሰስም ሲረታም የሚያስታርቀውን እንጂ የሚያጣላውን ፈልጎ አያጣም። የእናቲቱም ፍርሃት የከንቱ ፍርሃት ስላልሆነ ቶሎ መመለስ አልቻልንም። ኋላ፥ በሐዋሳ የሚያውቁት ሰው ቀርቷል ወይ ብለን ጠየቅናቸው።

«አለ» አሉን። «ያን ቀን የልጄን ሕፃናት ሁለት ሌሊት በቤቱ የሸሸገ ጎረቤት አለ። የሲዳማ ሰው ነው። ደጁ ላይ ተቀምጦ ‹እዚህ የእኔ ልጆች እንጂ ሌላ የለም› ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። ምን ብዬ ልሂድ? አፍሬ ቀረሁ።»

«እንግዲያስ» አልን፥ «ልጁ ብቻውን ወደ ኳስ ሜዳ አይሂድ። እርስዎ ይዘውት አስቀድመው ወደዚያ ሰው ቤት ይግቡ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱ፥ ወደ ሜዳ መሄድ ይገባል አይገባም የሚለውን ይንገራችሁ። የከተማውን ነገር ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል።» ሽማግሌው ለዚህ ቃል ምንም አልመለሱልንም። እናቲቱ ግን ከጓዳ ሆና ትሰማ ኖሮ፥ የዕቃ ድምፅ ሲንኳኳ ሰማን።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ መናኸሪያ በወረድን ጊዜ፥ ሽማግሌውንና ልጁን ወደ ሐዋሳ ከሚሄደው መኪና አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። ልጁ ዱንጉዛውን በትከሻው ጥሎአል። ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፥ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ የቅቤ ድቡልቡል በሁለት እጃቸው ታቅፈው ይዘዋል። ከዚያ ቅቤ ላይ የእናቲቱ የጣት ምልክት ገና አልጠፋም ነበር፤ ሌሊቱን ስታዘጋጀው አድራለች።

እኛም እጅ ነሥተን፥ ቡድኑ ቢሸነፍስ ብለን ብንቀልድባቸው፥ «ንብ መንደፊያም አላት፥ ማርም አላት። ዛሬ ማሩን ይዘን ነው የምንሄደው፤ መንደፊያውን ለሜዳ ትተናል» ብለው መለሱልን።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ ሰው አልጠየቅንም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሽማግሌው በልጁ እጅ አጭር ደብዳቤ አስጽፈው ላኩልን። በደብዳቤው ስለ ግብና ስለ ዋንጫ አንዳች ቃል የለም። የሐዋሳው ሰው ለጊፋታ በዓል ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ሶዶ እንዲመጣ ቀጠሮ መያዙን፥ እኛም በዚያ ቀን እንዳንቀር ይናገራል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ፥ በመስከረም እንሄዳለን።